ምዕራፍ ስድስት፦ ዋጋን መመስከር

በለንደን መሐል አንድ የቢሮ ሕንፃ ሲሸጥ የሚከፈለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከአንድ ባለጸጋ ኪስ የወጣ አይደለም። ገዢው የጡረታ ፈንድ ከሆነ ገንዘቡ የመምህራን፣ የነርሶችና የአውቶቡስ ሹፌሮች የዓመታት ቁጠባ ነው። ባንክ ካበደረም የአስቀማጮች አደራ አለበት። እነዚህ ሰዎች ሕንፃውን አይተውት አያውቁም። ጣሪያው ያፍስስ አያፍስስ፣ ተከራዩ በመጪው ዓመት ይውጣ ይቆይ የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም። ስለዚህ ሄዶ የሚያይላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል። ያ ሰው ይለካል፣ ውሉን ያነባል፣ ከአካባቢው ጋር ያነጻጽራል፤ በመጨረሻም «ይህ ሕንፃ ዛሬ ይህን ያህል ያወጣል፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ብሎ ይፈርማል። በብሪታንያ ይህ ባለሙያ የንግድ ንብረት ሰርቬየር ይባላል።

በእኛ አገር ሰርቬየር ሲባል መንገድና መሬት የሚቀይሰው ባለሙያ ነው ቶሎ በሐሳብ የሚመጣው። የዚህ ምዕራፍ ሰርቬየር ግን የሚሠራው በግመታ፣ በድርድርና በኪራይ ሕግ ነው። ሱቅ፣ ቢሮ፣ መጋዘንና ፋብሪካ ይገምታል፣ ያከራያል፣ ያሻሽጣል፣ ያስተዳድራል። ኪራይ የሚከለስበት ጊዜ ሲደርስም ለአከራይ ወይም ለተከራይ ወግኖ ይደራደራል።

የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ለዚህ ሙያ መሠረት ይጥላል። ሙያው በተግባር የሚጀመረው ግን አብዛኛውን ጊዜ በኢንተርንሺፕ ነው። ብዙ ወጣቶች ኢንተርንሺፕን ሲቪ ላይ የሚሰፍር አንድ መስመር፣ ቢበዛም የቋሚ ሥራ መሸጋገሪያ አድርገው ያዩታል። እንዲህ ማሰብ ስሕተት አይደለም፤ ግን ይጎድለዋል። በዚህ ሙያ ኢንተርንሺፕ ሰው ስለ ዋጋ መመስከርን የሚማርበት የመጀመሪያው ቦታ ነው። ይህን ተረድቶ የገባ ተማሪ በስድስት ሳምንት ውስጥ የሚቀስመውን ሳይረዳ የገባው በዓመትም ላያገኘው ይችላል።

ይህ የሆነበት ምክንያት ከንብረቱ ባሕርይ ይመነጫል። የጤፍ ዋጋ ገበያ በዋለ ቁጥር መቶ ሰው ገዝቶ መቶ ሰው እየሸጠ ይፈተናል፤ ዋጋው ራሱን ይናገራል። አንድ ሕንፃ ግን ሳይሸጥ አሥርና ሃያ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ እንኳ በስፋቱ፣ በተከራዩና በውሉ ይለይበታል። ስለዚህ የሕንፃ ዋጋ ከዝርዝር ላይ ተነብቦ አይገኝም፤ በማስረጃ ይገነባል። ማስረጃውን የሚሰበስበውና የሚመዝነው ደግሞ ሰው ነው።

ሙያው በክርክር መሐል ተወለደ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባቡር ሐዲድ በብሪታንያ ሲዘረጋ ኩባንያዎቹ በሐዲዱ መስመር ላይ ያለውን መሬትና ቤት በሕግ ኃይል ይወስዱ ነበር። ባለንብረቱ ስንት ይካስ የሚለው ጥያቄ በየደረሱበት ተነሣ። ኩባንያውም ባለንብረቱም የየራሳቸውን ገማች አቆሙ፤ ገማቾቹም በፓርላማ ኮሚቴዎችና በካሳ ወሳኞች ፊት የባለሙያ ምስክርነት ይሰጡ ጀመር። የማን ቃል ይታመን? ገማቹን የሚጠይቀውስ ማን ነው? በዚህ ሁኔታ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1868 የሰርቬየሮች ማኅበር በለንደን ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆን ክለተን ነበር። ማኅበሩ በ1881 ንጉሣዊ ቻርተር አገኘ። ዛሬ አርአይሲኤስ በሚባለው ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ይኸው ተቋም ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም እስካሁን ከፓርላማው ጥቂት እርምጃ ርቆ በግሬት ጆርጅ ጎዳና ላይ ይገኛል።

በሩ ለሁሉም እኩል ክፍት አልነበረም። ሴቶችን ከሙያዎች ያገለለውን ልማድ የሚሽር ሕግ በ1919 ከወጣ በኋላ፣ አይሪን ባርክሌይ በ1922 የመጀመሪያዋ ሴት ቻርተርድ ሰርቬየር፣ ማለትም በዚህ ተቋም እውቅና ያገኘች ባለሙያ ሆነች። በለንደን ሴንት ፓንክራስ ሠፈር የድሆችን ቤቶች በር ለበር እየዞረች የክፍሎቹን ጥበት፣ የግድግዳውን እርጥበትና የነዋሪውን ብዛት መዘገበች። ሥራዋ የዚያን አካባቢ ቤቶች ለማደስና አዲስ ለመሥራት ለተነሡ ሰዎች ማስረጃ ሆነ። ገብቶ አይቶ የጻፈ ሰው ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው ሕይወቷ ያስተምራል።

ከዚያ በኋላ ሙያው ትልቅ ፈተና ገጠመው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የብሪታንያ የንብረት ዋጋ ተሰቅሎ በ1973 እና በ1974 ሲወድቅ፣ በንብረት መያዣ ያበደሩ በርካታ አነስተኛ ባንኮች ተናጉ። መያዣዎቹ ምን ተብለው እንደተገመቱ፣ ግመታው በምን ላይ እንደቆመ ጥያቄ ተነሣ። ተቋሙ የግመታ መመሪያውን በ1976 አወጣ። በሽፋኑ ቀለም ምክንያት ቀዩ መጽሐፍ የሚባለው ይህ መመሪያ እየታደሰ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ገማቹ ለማን እንደሚገምት፣ በየትኛው ቀን ዋጋ እንደሚሠራ፣ ምን እንዳየና ምን እንዳላየ፣ ከጉዳዩ ጋር የጥቅም ግንኙነት እንዳለውና እንደሌለው በጽሑፍ እንዲገልጽ ያስገድዳል።

አራቱ በሮች

ወደ ሙያው የሚያስገቡት መንገዶች በብሪታንያ በአመዛኙ አራት ናቸው። የመጀመሪያው ከአንድ ቀን እስከ ጥቂት ቀናት የሚቆይ የትውውቅ ፕሮግራም ሲሆን በተለይ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ይቀበላል። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ በሚዘጋበት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ የሚሰጠው፣ ጥቂት ሳምንታት የሚፈጀው ኢንተርንሺፕ ነው። ሦስተኛው በሁለተኛውና በመጨረሻው የትምህርት ዓመት መካከል ሙሉ ዓመት በሥራ ላይ የሚያሳልፉበት ነው። አራተኛው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በኋላ ሥራና ዲግሪን አንድ ላይ የሚያስኬደው የዲግሪ አፕረንቲስሺፕ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ያህል ይወስዳል። ወጣቱ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ የዩኒቨርሲቲ ክፍያም ከኪሱ አያወጣም። ልጅን በትምህርት ብድር ማስገባት ለሚከብደው ቤተሰብ ይህ አራተኛው በር በብርቱ ሊጤን ይገባዋል።

የሪል እስቴት ትምህርት በሬዲንግ፣ በኖቲንግሃም ትሬንት፣ በኦክስፎርድ ብሩክስና በሄሪዮት ዋት የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። ይሁንና ጂኦግራፊ፣ ሕግ፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ታሪክ የሚያጠኑ ተማሪዎችም ለኢንተርንሺፕ ያመለክታሉ፤ ሙያው ከተስማማቸው በኋላ ተቋሙ እውቅና የሰጠውን የማስተርስ ዲግሪ ይጨምራሉ።

ተለማማጅ የሚቀበሉት እንደ ሳቪልስ፣ ናይት ፍራንክ፣ ሲቢአርኢ እና ጄኤልኤል ያሉ ትልልቅ የንብረት አማካሪ ድርጅቶች ብቻ አይደሉም። ሪጀንት ጎዳናን የሚያስተዳድረው የክራውን ኤስቴት፣ በሜይፌር ሰፊ ይዞታ ያለው ግሮቭነር፣ የየአካባቢው ምክር ቤቶች፣ በየከተማው ያሉ አነስተኛ ቢሮዎችም የሰርቬየር ሥራ አላቸው። በትልቅ ድርጅት ውስጥ ተለማማጅ ብዙ ያያል፤ በትንሽ ቢሮ ውስጥ ብዙ ይሠራል። በትልልቆቹ ዘንድ የመጪው ዓመት ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው በመኸር ነው፤ ቦታውም ከመዝጊያው ቀን በፊት ሊሞላ ይችላል። በፀደይ ማመልከት የሚጀምር ተማሪ ብዙ በር ተዘግቶ ያገኛል።

ክፍያን በተመለከተ ሕጉን ማወቅ ይገባል። በብሪታንያ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ሥራ የሚሰጠው ተለማማጅ ቢያንስ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ የማግኘት መብት አለው። ከዚህ የሚወጡት በዋናነት ዝም ብሎ ሥራ የሚመለከት ሰውና ከአንድ ዓመት ያልበለጠ ልምምድ የዲግሪው ግዴታ የሆነበት ተማሪ ናቸው። «ልምድ ታገኛለህ» የሚል ቃል ብቻ የሚያቀርብ ሰው ሲገጥም ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከማመልከቻው በፊት ማንም ሳይጋብዝ ሊሠራ የሚችል አንድ ነገር አለ። ተማሪው በሚኖርበት ሠፈር ያለውን የንግድ ጎዳና ይምረጥና ከዳር እስከ ዳር ይሂድበት። የትኞቹ ሱቆች ባዶ ናቸው? «የሚከራይ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለው ማን ነው? ፀጉር ቤቱ የቆመበት ቦታ ቀድሞ ምን ነበር? ከዚያ ቤት ገብቶ የሕዝብ መዛግብትን ይክፈት። በእንግሊዝና በዌልስ እያንዳንዱ የንግድ ቤት ለግብር የተገመተበት ዓመታዊ የኪራይ ዋጋ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያል። የሕንፃው የኃይል አጠቃቀም ደረጃም፣ ለምክር ቤቱ የቀረበው የግንባታ ማመልከቻም እንዲሁ ለሁሉም ክፍት ነው። ከዚህ ሁሉ የወጣ አንድ ገጽ ጽሑፍ «ለንብረት ጥልቅ ፍቅር አለኝ» ከሚል ደብዳቤ ይበልጣል፤ አመልካቹ ገና ሳይቀጠር ሥራውን እንደጀመረ ያሳያልና።

ሜትሩ የሚያስተምረው

አንዲት ተለማማጅ በሐሳባችን እንከተል። በመጀመሪያው ሳምንት ከአንድ ሰርቬየር ጋር ወደ ቢሮ ሕንፃ ትላካለች፤ በእጇ የሌዘር መለኪያና የወለል ፕላን ይዛለች። ሥራው ቀላል ይመስላል። ከግድግዳ ግድግዳ መለካት፣ ማባዛት፣ መደመር ነው። ነገር ግን ወዲያው ጥያቄ ይመጣል። መጸዳጃ ቤቱ ይቆጠራል? የአሳንሰሩ ጉድጓድስ? ከጣሪያው ቁልቁለት በታች ያለው፣ ሰው ቀጥ ብሎ የማይቆምበት ጥግስ?

መልሱ በመለኪያ ደንብ ተጽፏል። ቢሮና ሱቅ በተለምዶ የሚለኩት ተከራዩ በእርግጥ ሊጠቀምበት በሚችለው የተጣራ የውስጥ ስፋት ነው። ደረጃ፣ አሳንሰር፣ መጸዳጃ ቤት፣ የማሽን ክፍል፣ የሕንፃው ምሰሶዎች፣ ከ1.5 ሜትር በታች ከፍታ ያለው ቦታ ሁሉ ይወጣሉ። መጋዘንና ፋብሪካ ግን በአጠቃላይ የውስጥ ስፋት ስለሚለኩ ምሰሶውም መጸዳጃ ቤቱም አብሮ ይቆጠራል።

አንድ ስሕተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በቁጥር እንየው። ኪራዩ በካሬ ሜትር በዓመት 400 ፓውንድ በሆነ ቢሮ ውስጥ ተለማማጅዋ 20 ካሬ ሜትር መጸዳጃ ቤት ጨምራ ብትመዘግብ፣ ዓመታዊው ኪራይ በ8,000 ፓውንድ ያብጣል። ገማቹ ያንን ኪራይ በ5 ከመቶ የገቢ ምጣኔ ወደ መሸጫ ዋጋ ሲለውጠው የሕንፃው ዋጋ በ160,000 ፓውንድ ከፍ ይላል። ይህን ገንዘብ የሚከፍል ሰው አለ። ሜትር መያዝ ለጀማሪ የሚሰጥ ተራ ሥራ እየመሰላቸው የሚያቃልሉት ይህን አላሰቡም። የግመታው ሁሉ መሠረት የሚጣለው በእርሷ እጅ ነው።

ጉብኝቱ ከመለካት ያልፋል። ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል እንደሚባለው፣ ተለማማጅዋ ልምድ ያለው ሰው የት የት እንደሚመለከት ማየት አለባት። ጣሪያው ላይ ያለ የውኃ ምልክት፣ የጭነት መኪና ሊዞርበት የማይችል የመጋዘን ግቢ፣ መብራቱ ጠፍቶ የተተወ ግማሽ ፎቅ ሁሉም ይናገራሉ። ፎቁ የተተወው ተከራዩ ሠራተኛ ስለቀነሰ ከሆነ ውሉ ሲያልቅ ላያድስ ይችላል። ይህ በየትኛውም ሰንጠረዥ አይገኝም።

ማስረጃ ፍለጋ

በሁለተኛው ሳምንት ተለማማጅዋ ማነጻጸሪያ እንድትሰበስብ ትታዘዛለች። በአካባቢው በቅርብ ጊዜ የተከራዩ ተመሳሳይ ቢሮዎችን ዝርዝር ከመረጃ ቋት ታወጣለች፤ ከዚያ ስልክ ታነሣለች። ለብዙ ወጣቶች ከባዱ ይህ ነው። ለማታውቀው ወኪል ደውላ፣ ለማን እንደምትሠራ ተናግራ፣ የውሉን ዝርዝር በትሕትና ትጠይቃለች። ስልኩ የግድ የሚሆነው በማስታወቂያ የሚነገረው ኪራይና ተከራዩ በእርግጥ የሚከፍለው ኪራይ ብዙ ጊዜ ስለሚለያዩ ነው።

ለምሳሌ አንድ ቢሮ «በካሬ ጫማ 50 ፓውንድ ተከራየ» ተብሎ ይመዘገባል። ስትደውል ግን ውሉ የአምስት ዓመት መሆኑንና የመጀመሪያው ዓመት ከኪራይ ነፃ መሆኑን ትሰማለች። ተከራዩ በአምስት ዓመት ውስጥ የሚከፍለው የአራት ዓመት ኪራይ ብቻ ነው፤ በቀላሉ ሲካፈል በካሬ ጫማ 40 ፓውንድ ይሆናል። 50 የሚለውን ተቀብሎ የገመተ ሰው ገበያውን በአንድ አራተኛ አሳብጦታል። ሰነዱ አልዋሸም፤ ሙሉውን ግን አልተናገረም። ተለማማጅዋ ከዚህ በኋላ ማንኛውም ቁጥር ሲነገራት ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደሆነ፣ ምን እንደተያያዘበት መጠየቅ ትለምዳለች። ለምስክር ይህ ልማድ የግድ ነው።

እኩል የሆኑ ሁለት ሱቆች

ሱቅ ሲገመት ሌላ ምሥጢር ይገለጣል። ከመንገድ የሚታየው የፊት ለፊቱ ክፍል ብዙ ገዢ ይስባል፤ ወደ ኋላ በተገባ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል። ስለዚህ በብሪታንያ ሰርቬየሮች ሱቁን በዞን ይከፋፍሉታል። ከመስኮቱ ጀምሮ ያለው 6.1 ሜትር ዞን ኤ ይባላል፤ በሙሉ ዋጋ ይሰላል። ቀጣዩ 6.1 ሜትር በግማሽ፣ ሦስተኛው በሩብ ይቆጠራል። እንደ ኦክስፎርድ ጎዳና ባሉ ጥቂት ቦታዎች የዞኑ ጥልቀት ይለያል፤ መርሑ ግን ያው ነው።

ሁለት ሱቆችን እንውሰድ። የመጀመሪያው 6 ሜትር ወርድና 18.3 ሜትር ጥልቀት፣ ሁለተኛው 9 ሜትር ወርድና 12.2 ሜትር ጥልቀት አላቸው። ሁለቱም ስፋታቸው 109.8 ካሬ ሜትር ነው። የዞን ኤ ኪራይ በካሬ ሜትር 500 ፓውንድ ነው እንበል። የመጀመሪያው ሱቅ ሦስት እኩል ዞኖች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 36.6 ካሬ ሜትር ናቸው። ሙሉው፣ ግማሹና ሩቡ ሲደመሩ 64.05 ይሆናል፤ ኪራዩ 32,025 ፓውንድ ነው። ሁለተኛው 54.9 ካሬ ሜትር የሆኑ ሁለት ዞኖች አሉት። ሙሉውና ግማሹ 82.35 ይሆናሉ፤ ኪራዩም 41,175 ፓውንድ ይደርሳል። በስፋት እኩል የሆኑ ሱቆች በዓመት 9,150 ፓውንድ ተለያዩ፤ ልዩነቱን ያመጣው ወደ መንገድ ያላቸው ገጽታ ነው። ተለማማጅዋ ይህን አንድ ጊዜ በራሷ እጅ ካሰላች በኋላ ጎዳና ስትሄድ የሱቅ መስኮት የምታይበት ዓይን ይለወጣል።

ኪራዩ ከታወቀ በኋላ ወደ መሸጫ ዋጋ መለወጥ ይቀራል። በሙያው ዪልድ የሚባለው ምጣኔ ገዢው ባወጣው ገንዘብ በዓመት ምን ያህል ገቢ እንደሚፈልግ ይገልጻል። ዓመታዊ ኪራዩ 100,000 ፓውንድ የሆነ ሕንፃ በ5 ከመቶ ሲሰላ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ያወጣል፤ በ6 ከመቶ ግን 1,666,667 ፓውንድ ብቻ ነው። የአንድ ከመቶ ልዩነት ከ330,000 ፓውንድ በላይ ወሰደ። ታዲያ 5 ነው ወይስ 6? መልሱ የሚወሰነው በተከራዩ አቅም፣ በውሉ ቀሪ ዘመን፣ በቦታውና በሕንፃው ሁኔታ ነው። ቀመሩን ኤክሴል ይሠራዋል፤ ምጣኔውን መምረጥ ግን የሰው ፍርድ ነው።

ያ ፍርድ ጠባብ ክልል አለው። በ1977 አንድ የእንግሊዝ ዳኛ በገማቾች ቸልተኝነት ክስ ላይ ሲፈርዱ፣ ብቁ ገማቾች ከትክክለኛው ዋጋ ወደ ላይም ወደ ታችም 10 ከመቶ ያህል ሊለያዩ እንደሚችሉ፣ በተለየ ሁኔታም እስከ 15 ከመቶ ሊደርሱ እንደሚችሉ ተቀበሉ። ሕጉ ገማቹ ነቢይ እንዲሆን አይጠብቅም፤ ጠንቃቃ እንዲሆን ግን ያስገድዳል።

ውሉን የሚያነብ

ተለማማጅ ብዙ ሰዓት የሚያሳልፈው ውል በማንበብ ነው። ኪራዩ መቼ ይከለሳል? ተከራዩ ከጊዜው በፊት መውጣት ይችላል? ጣሪያው ቢበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? ውጤቱ በአንድ ገጽ ማጠቃለያ ይወጣል፤ አንድ የቀን ስሕተትም አከራይን ወይም ተከራይን ለብዙ ዓመት ሊያስረው ይችላል።

በእንግሊዝና በዌልስ ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ሕግ የ1954 የአከራይና ተከራይ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ሁለተኛ ክፍል መሠረት ቤቱን ለንግዱ የሚጠቀምበት ተከራይ ውሉ ሲያልቅ የማደስ መብት አለው፤ አከራዩ የሚከለክለው ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው። ሆኖም ሁለቱ ወገኖች ገና ሲዋዋሉ ይህን መብት ማስቀረት ይችላሉ። ተከራዩ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ማስጠንቀቂያውን መቀበሉን በፊርማው ያረጋግጣል።

እዚህ ላይ ነገሩ ለእኛ ሰዎች በቀጥታ ይደርሳል። በለንደን ወይም በማንቸስተር ምግብ ቤት፣ ካፌ ወይም የቅመማ ቅመም ሱቅ ለመክፈት የተነሣ አማርኛ ተናጋሪ ቁጠባውን በወጥ ቤቱና በጌጡ ላይ ያፈስሳል። ያችን አንዲት ወረቀት ምን እንደሆነች ሳያውቅ ከፈረመ ግን ውሉ ባለቀ ቀን የመቆየት መብት አይኖረውም፤ ደንበኛ ያፈራበትን ቦታ ለቆ ሊወጣ ይችላል። በቤተሰቡ ውስጥ ይህን የሚያነብ አንድ ሰው ቢኖር ከመፈረሙ በፊት ጠበቃና ሰርቬየር እንዲያማክር ይነግረዋል። ልጆቻችን ሐኪም፣ መሐንዲስና የሒሳብ ባለሙያ እንዲሆኑ እንደምንመኝ ሁሉ ይህንንም ሙያ እንዲያውቁት ብናደርግ ማኅበረሰባችን ይጠቀማል።

ማስታወሻ ደብተሩና ፈተናው

ከኢንተርንሺፕ እስከ ቻርተርድ ሰርቬየርነት ያለው መንገድ ረጅም ነው። ተቋሙ እውቅና የሰጠው ዲግሪ ያለው፣ ብዙ የሥራ ልምድ ያላካበተ ሰው በተለምዶ 24 ወር የተደራጀ የሥራ ሥልጠና ይወስዳል። በየቀኑ የሠራውን ይመዘግባል። በመጨረሻም በእጁ ስላለፈ አንድ ጉዳይ 3,000 ቃል ያህል ጽፎ በገምጋሚዎች ፊት ለአንድ ሰዓት ይቀርባል። ገምጋሚዎቹ የሚመዝኑት በሦስት ደረጃ ነው፤ ማወቅ፣ መሥራት፣ ምክንያት ሰጥቶ ማማከር። የሙያ ሥነ ምግባር ግን ለሁሉም በከፍተኛው ደረጃ ይጠየቃል። በሌላው ሁሉ ጥሩ የነበረ ሰው በዚህ ከወደቀ ያልፋል ማለት ዘበት ነው።

ስለዚህ ተለማማጅዋ ከመጀመሪያው ቀን ደብተር መያዝ አለባት። «ሳይት ሄድኩ» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም። ምን ዓይነት ሕንፃ ነበር፣ በየትኛው ደንብ ለካነው፣ ሰርቬየሩ ምን አስተዋለ፣ እኔስ ምን ብዬ ጠየቅሁ፣ መልሱ ምን ነበር ብላ ትጻፍ። የደንበኛን ምሥጢር ግን ወደ ቤት አትውሰድ፤ የሕንፃውን ስምና የድርድሩን ቁጥር ከግል ደብተሯ ታስቀር።

ሥነ ምግባር በትልልቅ ቅሌቶች ብቻ አይፈተንም። አሳንሰር ውስጥ ስለ ደንበኛ ጉዳይ ማውራት፣ ዘመዷ የሚሠራበትን ድርጅት የሚመለከት ፋይል ሲሰጣት ዝም ማለት፣ አለቃዋ የፈለገውን ቁጥር የሚደግፉ ማነጻጸሪያዎችን ብቻ መርጣ ማቅረብ፣ ሁሉም ፈተና ናቸው። የመጨረሻው ከሁሉ የረቀቀ ነው፤ ማንም «ዋሺ» አላላትምና። የማይስማማውን ማስረጃ ከዝርዝሩ ሳታወጣ፣ ለምን ክብደት እንዳልሰጠችው ጽፋ ማቅረብ ከቻለች ሙያው ገብቷታል።

ለአገር ቤትም

ኢትዮጵያ ውስጥ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚገመተው ሕንፃውና የይዞታ መብቱ ነው። ባንኮችም መያዣን ሲገምቱ ከገበያ ማስረጃ ይልቅ በአብዛኛው በግንባታ ወጪ ስሌት ላይ ይደገፋሉ። ስለዚህ የለንደኑን አሠራር እንዳለ ቀድቶ ማምጣት አይቻልም። ጥያቄው ግን እኛም ዘንድ እየበረታ ነው። ለልማት የሚነሣ ሰው ካሳ፣ ባንክ የሚይዘው ሕንፃ፣ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ ሁሉም የሚታመን ግመታ ይፈልጋሉ። ካሳ ተቀባዩም ግብር ከፋዩም ግመታው ከየት እንደመጣ መጠየቁ አይቀርም። ምን እንደለካ፣ ከምን ጋር እንዳነጻጸረ፣ ለምን እዚህ ቁጥር ላይ እንደደረሰ በጽሑፍ የሚያስረዳ ገማች በአዲስ አበባም በባሕር ዳርም ያስፈልጋል። በብሪታንያ የሠለጠነ ወጣት ወደ አገሩ ሊያመጣ የሚችለው ትልቁ ነገር ይህ ልማድ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ሰው

ኢንተርንሺፑ ሲያልቅ ጥቂቶች የቋሚ ሥራ ግብዣ ይዘው ይወጣሉ፤ ሌሎች አያገኙም። ያላገኘው ሰው አስተያየት በጽሑፍ ይጠይቅ፣ የሠራበትን ቡድን ያመስግን፣ በመጪው መኸር ለሌላ ቦታ ያመልክት። ግብዣ ያገኘውም ሳይቸኩል ራሱን ይመርምር፤ እነዚህ ሳምንታት ለድርጅቱ ተማሪውን እንደፈተኑለት ሁሉ ለተማሪውም ሙያውን ፈትነውለታል።

የሚመረመረውም ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ የተቆረጠ መልስ ካላገኘ እረፍት የሚያጣ ሰው በዚህ ሥራ ይጨነቃል። ለደንበኛው ደስ የሚለውን ቁጥር ለመናገር የሚፈጥን ሰው ደግሞ አደገኛ ይሆናል። ማስረጃው ሲጎድል «ይጎድላል» የሚል፣ ሲበቃም «በእነዚህ ምክንያቶች ዋጋው ከዚህ እስከዚህ ነው፤ እኔ እዚህ ላይ አድርጌዋለሁ» ብሎ ለመፈረም የማይፈራ ሰው ግን ሙያው እርሱን ይፈልጋል፤ ሕንፃውን ሳያዩ ገንዘባቸውን ያኖሩት ሰዎችም እንዲሁ።